አሮጌ ስፖርት መኪና ሲያጨስና ዘይት ሲጨርስ መንስኤውን እንዴት እንለያለን

ከአሮጌ ስፖርት መኪና ማርሚታ ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ አብዛኛው ሰው የሚሰነዝረው አስተያየት «ሞተሩ ስላለቀ ይፈታ» የሚል ነው። አስተያየቱ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጭሱ መቼ መቼ እንደሚወጣ ሳይጠየቅ፣ ካንዴላዎቹ (ነዳጁን በእሳት ፍንጣሪ የሚያቀጣጥሉት) ወጥተው ሳይታዩና ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚያምቀው ግፊት) ሳይለካ የተነገረ ከሆነ ከግምት አያልፍም። ሞተሩ ከተፈታ በኋላ ደግሞ በሥራ ላይ እያለ ብቻ ይታዩ የነበሩት ምልክቶች ተመልሰው አይገኙም። ስለዚህ ምርመራው ምንም ወጪ ከሌለው ተጀምሮ ወደ ከባዱ መሄድ አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ የጭሱን ቀለምና ሽታ መለየት ነው። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ከቤት ውጭ፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ማርሚታውን እየተመለከተ ሌላው ሞተሩን ያስነሣ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሆነ ይህ ሥራ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አይሠራም። በቀዝቃዛ ጠዋት የሚታየውና ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋው ስስ ነጭ ጭስ የውሃ እንፋሎት በመሆኑ አያሳስብም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ፣ ወፍራምና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን የራዲያተሩ ፈሳሽ ወደ ሲሊንደር እየገባ መሆኑን ያመለክታል፤ ብዙውን ጊዜም መንስኤው የተቃጠለ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት ምልክት ስለሆነ ፍለጋው ወደ ካርቡሬተሩና ወደ አየር ማጣሪያው ይዞራል። ዘይት መቃጠሉን የሚናገረው አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሰማያዊ ጭስ ነው። ጭሱ የሚወጣው ከኮፈኑ ሥር ከሆነ ደግሞ ከቫልቭ ክዳን ያመለጠ ዘይት በጋለው የጭስ መውጫ ቱቦ ላይ እየተንጠባጠበ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በአንድ ጋርኒሲዮን ቅያሪ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

እኔ ከቀለሙ ይበልጥ የምተማመነው ጭሱ በሚወጣበት ጊዜ ላይ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ቡልቅ ብሎ ወጥቶ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ በአብዛኛው የቫልቭ ላስቲኮች (በቫልቮቹ ግንድ በኩል ዘይት እንዳያልፍ የሚያግዱት) መድረቃቸውን ያሳያል፤ ቴስታታው ላይ የቀረው ዘይት ሌሊቱን በቫልቮቹ ግንድ ዙሪያ እየተንጠባጠበ ይወርድና ሞተሩ እንደተነሣ ይቃጠላል። ይህን ለማረጋገጥ መኪናውን በሚገባ አሙቆ፣ መንገዱ ባዶ በሆነበት ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ እግርን ከነዳጅ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ አንሥቶ መውረድ፣ ታች ሲደረስም ፔዳሉን ረገጥ ማድረግ ነው። እግር ሲነሣ የአየር ማስገቢያው ስለሚዘጋ በውስጡ ያለው የመምጠጥ ኃይል ይበረታል፤ ላስቲኩ ከደረቀ ወይም የቫልቩ መሪ ቱቦ ከሰፋ ዘይቱ በዚያ በኩል ይሳባል፤ ፔዳሉ እንደተረገጠም ከኋላ ሰማያዊ ደመና ይታያል። በተቃራኒው ዳገት ሲወጣ ወይም በኃይል ሲነዳ ያለማቋረጥ የሚያጨስ ሞተር ጥርጣሬውን ወደ ፒስተን ቀለበቶች (በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት የሚያሽጉት) እና ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይመራል። ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያለው መኪና በሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ፣ በዝቅተኛ ዙር) ብዙ ደቂቃ ቆይቶ ሲንቀሳቀስ የሚያጨስ ከሆነ፣ ቱርቦው ከመለወጡ በፊት ዘይቱን ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) የሚመልሰው ቱቦ አለመደፈኑ ይታይ።

የሞተሩን ዓይነት ሳያውቁ መፍረድም ያሳስታል። ፒስተኖቹ በጎን የተኙበት የቦክሰር ሞተር ረጅም ጊዜ ቆሞ ሲነሣ ትንሽ ቢያጨስ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በተኛው ሲሊንደር ውስጥ ዘይት ስለሚያቁር ነው። በአየር የሚቀዘቅዘው ፖርሽ 911 ዘይቱን የሚያጠራቅመው ከሞተሩ ውጭ ባለ የተለየ ታንከር ውስጥ ስለሆነ፣ መጠኑ የሚለካው ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ በሚኒሞ እየሠራ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የለካ ሰው ዘይቱ የጎደለ መስሎት ይጨምራል፤ የተረፈው ዘይት በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ተገፍቶ ይቃጠላል፤ ያኔ ምንም ያልሆነው ሞተር ያለቀ ይመስላል። የማዝዳ አርኤክስ-7 ሮታሪ (በፒስተን ፋንታ በሚሽከረከር ሮተር የሚሠራ) ሞተር ደግሞ የውስጥ ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ጥቂት ዘይት እንዲያቃጥል ሆን ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ዘይት መቀነሱ ብቻውን ብልሽት አይባልም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር የሞተሩ መተንፈሻ ነው። በፒስተኖቹ ዙሪያ እያመለጠ ወደ ታች የሚወርደው ጋዝ በቱቦና በአንድ ትንሽ ቫልቭ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ይመለሳል። ይህ መንገድ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ስለሚያጣ ዘይቱን በፓራኦሊዮዎቹ (በዘይት ማገጃ ላስቲኮቹ) በኩል ወደ ውጭ፣ በቀለበቶቹ በኩል ደግሞ ወደ ላይ ይገፋዋል። እኔ የነበረኝ ባለሁለት በር መኪና በየጉዞው ሲያጨስ አንድ መካኒክ ቀለበቶቹ አልቀዋል ብሎ ሞተሩ እንዲፈታ ወስኖ ነበር። የመተንፈሻውን ቱቦ ነቅዬ ወደ ብርሃን ሳዞረው እንደ ሬንጅ በጠጠረ ዝቃጭ ታፍኖ የእርሳስ ጫፍ እንኳ አያሳልፍም ነበር። ቱቦው በነጭ ጋዝ ታጥቦ ቫልቩ ሲለወጥ ጭሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠፋ። ስለዚህ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጋዝ በኃይል እየተገፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ቀለበቶቹ ከመወቀሳቸው በፊት መተንፈሻው ይጽዳ።

ከዚህ በኋላ ካንዴላዎቹ ይወጣሉ። እንደተነቀሉም በየሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ መደርደር አለባቸው፤ የትኛው ከየት እንደወጣ ካልታወቀ ምርመራው ግማሽ ዋጋውን ያጣል። በእርጥብ ጥቁር ዘይት የተለበጠ ካንዴላ ዘይት የሚያቃጥለውን ሲሊንደር ይጠቁማል፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የታጠበ ያህል የጸዳ ካንዴላ ደግሞ ውሃ ሲገባበት ከቆየ ሲሊንደር የመጣ ሊሆን ይችላል።

ኮምፕሬሽን የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጁና ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነው፤ የመለኪያው መርፌ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስም ሞቶሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ይዞራል። ብዙ የቤንዚን ሞተሮች ከ10 እስከ 13 ባር ያሳያሉ፤ ሆኖም ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ አለመብለጡ ይበልጥ ያስፈልጋል። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ዘይት ጨምሮ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ካለ ቀለበቱ ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ካልተለወጠ ችግሩ ከቫልቭ ወይም ከጋርኒሲዮን ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ በመካከላቸው ያለው ጋርኒሲዮን ይጠረጠራል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ፤ ዘይቱን ከሲሊንደሩ ግድግዳ የሚጠርገው የታችኛው ቀለበት በኮምፕሬሽን ላይ ይህ ነው የሚባል ድርሻ ስለሌለው፣ እሱ በጥቀርሻ ተጣብቆ ዘይት እየፈጀም መለኪያው መልካም ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

የሚጎድለውም ዘይት በግምት መነገር የለበትም። እስከ ላይኛው ምልክት ተሞልቶ ኪሎ ሜትሩ ይመዝገብና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ለመሙላት የሚያስፈልገው ይለካ፤ መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ የጎደለው ሁሉ ተቃጥሏል ማለት ይቻላል። የመለኪያው ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ እንዲህ ያለው ሞተር ብሮንዚናዎቹን (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከሙትን) ስለሚበላ መነሣት የለበትም። በአጭር ጉዞ ብቻ የሚነዳ መኪና በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚያሳየው ስስ ነጭ ቅባት ግን የጤዛ ውጤት ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና መጠኑ ከጨመረ የነዳጁ ፓምፕ ወይም ካርቡሬተሩ እያፈሰሰ ነው።

ምርመራው ወደ ቫልቭ ላስቲኮቹ ካመራ፣ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴስታታው ሳይወርድ ሊለወጡ ይችላሉ፤ ፒስተኑ ወደ ላይኛው ጫፍ እንዲወጣ ተደርጎ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ሲገባ ቫልቩ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ይያዛል፤ ያኔ ስፕሪንጉ ወጥቶ አሮጌው ላስቲክ ይነቀላል፣ አዲሱም በዘይት ተቀብቶ በቦታው ይገባል።