ወንድሜ ከርብራብ ከወደቀ ወዲህ የለመድናቸው ዘዴዎች

ታናሽ ወንድሜ ቀለም ቀቢ ነበር። ከ3ኛ ፎቅ ርብራብ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተጎዳ። ከሆስፒታል ሲወጣ ቁስሉ ድኗል። ቤት ስንገባ ግን ሌላ ሰው ሆነብን። ጠዋት የነገርኩትን ከሰዓት አያስታውስም፤ ሻይ ቀዘቀዘ ብሎ ብርጭቆ ይወረውራል። ጎረቤት «ጠባዩ ተበላሸ» አለ። የጠባይ ጉዳይ አይደለም። በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል እንደ ፍሬን ነው፤ እሱ ሲጎዳ ንዴትን የሚይዘው ይጠፋል።

ከደብተር ጀምሩ። አንድ ብቻ፣ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለ። የሚጽፈው ራሱ ነው፦ ማን መጣ፣ ምን በላ፣ ነገ የት ይሄዳል። «እስቲ አስታውስ» ማለት ትቻለሁ። ሲገምት ይሳሳታል፣ ከዚያ አእምሮው ላይ የሚቀረው ስሕተቱ ነው። ትክክለኛውን ቶሎ ንገሩት።

የስልክ ደወል ጉድ ሠርቶን ነበር። 8 ሰዓት ላይ መድኃኒት እንዲወስድ ሞላሁለት። ስልኩ 2:00 ይላል፤ እሱ «2 ሰዓትማ አልፏል» ብሎ ያጠፋዋል! አሁን ደወሉ ሲጮህ «ከምሳ በኋላ፣ ነጩ ኪኒን» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

ንዴቱን ደግሞ መዝግቡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በተናደደ ቁጥር ሰዓቱንና ከዚያ በፊት የሆነውን ጻፍኩ። አብዛኛው 11 ሰዓት አካባቢ ነው፦ ቡና ተፈልቷል፣ ቤቱ ሞልቷል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ ሦስት ሰው ባንዴ ያናግረዋል። የተጎዳ አንጎል ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ 9 ሰዓት ላይ ጋደም ይላል፣ በቡና ሰዓት ቴሌቪዥን ይጠፋል (እናቴ እስካሁን ታጉረመርማለች)። ንዴቱ ሲነሳበት አልከራከረውም፣ እጁንም አልይዝም። «ውኃ ላምጣልህ» ብዬ ወጣ እላለሁ። ስመለስ ብዙ ጊዜ በርዶለታል።

ጠበል እንወስደዋለን። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ግን አናቋርጥም፤ ድንገት ከተቋረጠ ሊጥለው ይችላል። ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ካስታወከው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ለክትትል ስትሄዱ ደብተሩን ያዙ። ሐኪሙ ሲጠይቀው ወንድሜ «ደህና ነኝ» ነው መልሱ፤ ከልቡም ነው የሚለው። ሳይኮሎጂስት ጋ ሪፈር እንዲጻፍላችሁም አፍ አውጥታችሁ ጠይቁ።

ሥራም ስጡት፣ እጁ የሚያውቀውን። የእሱ እጅ ብሩሽ አልረሳም። ባለፈው የግቢውን በር መቀባት ጀመረ፤ መሃል ላይ ደክሞት ተወው። ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ዝገት ሆኖ ቆሟል።