ክኒን አልወርድ ላላቸው አረጋውያን መድኃኒት እንዴት ይሰጣል

ቤት ውስጥ ክኒን አልወርድ ያላቸው አባት ወይም እናት ሲኖሩ መጀመሪያ የሚታሰበው ሙቀጫ ነው። የጠዋቱ ክኒን ሁሉ አንድ ላይ ይወቀጥና በሙዝ ወይም በጉርሻ ይሰጣል። ነገር ግን አንዳንዱ ክኒን ሲደቅ የሙሉ ቀን መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ይለቃል። አንዳንዱ ሥራውን ሳይጀምር በጨጓራ አሲድ ይበላሻል። ሌላው ደግሞ መፈጨት ሳያስፈልገው በሽሮፕ መልክ የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ መፍጨት የሚመጣው ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደከበዳቸው ለዩ

"አልወርድ አለኝ" የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። አፋቸው ደርቆ ክኒኑ ምላሳቸው ላይ የሚጣበቅባቸው አሉ። አንዳንዴ አፉን ያደረቀው ራሱ መድኃኒት ነው፤ አሚትሪፕቲሊንና ሽንት የሚያሸኑ ክኒኖች እንዲህ ያደርጋሉ። ለእነዚህ ሰዎች ከክኒኑ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ፉት ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከስትሮክ በኋላ፣ በፓርኪንሰን ወይም በመርሳት ሕመም የመጣው ግን ሌላ ነው። የጉሮሮ ጡንቻ ቅንጅት ስለተዛባ ውሃው ራሱ ወደ አየር ቧንቧ ይሄዳል። ሲጠጡ ትን ይላቸዋል፤ ከዋጡ በኋላ ድምፃቸው ውሃ እንደያዘ ሰው ይሆናል፤ የጠዋቱ ክኒን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጉንጫቸው ውስጥ ይገኛል፤ ሳንባ ምች ይመላለስባቸዋል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ በቤት ዘዴ አትታገሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ ክትትል ካላቸው፣ ለሐኪሙ "ክኒን አይውጡም" ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። "ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል" በሉት። የሐኪሙን ውሳኔ የሚለውጠው ይህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ሳያስሉ ምግብና ውሃ ወደ ሳንባቸው የሚገባባቸውም ስላሉ፣ ሳል አለመኖሩ ብቻውን አያስተማምንም።

ምግብ ደረታቸው ላይ የሚቆምባቸው፣ በየሳምንቱ የሚብስባቸውና የሚከሱ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የምግብ ቧንቧው ነው። ቀጠሮ ሳይጠብቁ መመርመር አለባቸው።

መድኃኒቶቹን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ

የሚወስዱትን ሁሉ፣ ከማሸጊያው ሳታወጡ፣ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት አሳዩ። የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ የትኛው ይቅር? የቀረውስ በምን መልክ ይገኛል? የመጀመሪያው ጥያቄ ይረሳል። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሰሞን የታዘዘ የጨጓራ ክኒን ዛሬም የሚዋጥበት ቤት ብዙ ነው። በቀን ሦስቴ የሚዋጠው በቀን አንዴ በሚወሰድ ከተተካ ትግሉ ወደ ሲሶ ይወርዳል።

ሽሮፕ የሕፃን ነው ብላችሁ አትናቁት፤ መጠኑ ብቻ ይሰላ። አሞክሳሲሊን 500 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን ታዟል እንበል። ጠርሙሱ ላይ "250 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ሊትር" የሚል ከሆነ በአንድ ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር፣ በጠቅላላው 210 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለ 100 ሚሊ ሊትሩ ሦስት ጠርሙስ ይገዛል። "125 በ5" የሚለው ከሆነ መጠኑ እጥፍ ነው፤ አምስት ጠርሙስ ይሆናል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዱቄት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን በውሃ አትበጥብጡ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ግማሹን ሞልታችሁ ናጡ፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ ሙሉ፣ በሰጣችሁ ቁጥርም ናጡ። ሳይናጥ ከተሰጠ መድኃኒቱ ታች ይቀርና የመጀመሪያው ቀን ቀጭን፣ የመጨረሻው ወፍራም ይሆናል። የቤት ማንኪያ መጠኑ ስለሚለያይ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሙ። ስኳር ሕመም ካለባቸው ሽሮፑ ስኳር እንዳለው ጠይቁ።

ፓራሲታሞል በሽሮፕ ለአዋቂ አይመችም። "120 በ5" የሚለው ከሆነ ለ500 ሚሊግራም ወደ 21 ሚሊ ሊትር መዋጥ አለባቸው። ውሃ ውስጥ የሚፈላው ዓይነት ይቀላል፤ ነገር ግን አንዷ ፍሬ ወደ 400 ሚሊግራም ሶዲየም አላት። በቀን 8 ፍሬ ቢወሰድ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከሚመክረው የ2 ግራም ጣሪያ በብዙ ያልፋል። ግፊት ወይም የልብ ድካም ላለበት ሰው ጥሩ ምርጫ አይደለም።

ለአስም የሚዋጠው ሳልቡታሞል በሚነፋው ሊተካ ይችላል። ለሕመምና ለሆድ ድርቀት በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት አለ፤ ለትልልቅ ሰዎች ማውራቱ ያሳፍራልና ጥያቄውን አስታማሚው ያንሳው። "መርፌ ይሻለኛል" የሚሉም ብዙ ናቸው፤ በየቀኑ ለሚወሰድ የግፊት መድኃኒት ግን መርፌ መልስ አይሆንም።

የማይፈጩትን ለዩ

ከመድኃኒቱ ስም ጎን በላቲን ፊደል ኤስ-አር፣ ኤክስ-አር፣ ሲ-አር፣ ኤም-አር፣ ኤል-ኤ ወይም "ሪታርድ" የሚል ካያችሁ፣ መድኃኒቱ ለብዙ ሰዓት ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ነው። ከእነዚህ በጣም አደገኛ ከሆኑት አንዱ የግፊት መድኃኒቱ ኒፈዲፒን ነው። ሲፈጭ ለ12 ሰዓት የታሰበው በደቂቃዎች ውስጥ ደም ውስጥ ይገባል፤ ግፊታቸው ድንገት ይወርዳል፤ ይወድቃሉ፤ ስትሮክም ሊያስከትል ይችላል። ሐኪሙ ወደ አምሎዲፒን ቢለውጥላቸው ነገሩ ያበቃል፤ ተራው አምሎዲፒን ይሟሟል፣ ይፈጫልም።

አንጀት እስኪደርስ እንዳይሟሟ የተለበጠ ክኒንም አይፈጭም፤ ዳይክሎፌናክና ቢሳኮዲል ብዙውን ጊዜ እንዲህ ናቸው። የኦሜፕራዞል ካፕሱል ይከፈታል፣ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ግን አይደቁም፣ አይታኘኩም። በአንድ ማንኪያ እርጎ ላይ ነስንሳችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይዋጥ። ከምላስ ሥር የሚቀመጠው የልብ ክኒን ደግሞ ጭራሽ አይዋጥም። ለካንሰርና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት ሲፈጭ የዱቄቱ ብናኝ ለአስታማሚው ጎጂ ነው። የፕሮስቴት መድኃኒቱ ፊናስተራይድ ተሰብሮ ከሆነ ነፍሰ ጡር ሴት አትንካው።

ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አሌንድሮኔት፣ ዶክሲሳይክሊን፣ የብረትና የፖታሲየም ክኒን የምግብ ቧንቧ ላይ ከቆሙ ያቆስላሉ። አሌንድሮኔት በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ተውጦ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቀጥ ብሎ መቀመጥን ይጠይቃል። ይህን የማይችሉ ሰው ባይወስዱት ይሻላል፤ ሐኪሙ ይለውጠው።

አቀማመጥና አዋዋጥ

አልጋ ላይ ተጋድመው ሳሉ አትስጧቸው። ወንበር ላይ ጀርባቸው ቀጥ ብሎ፣ እግራቸው መሬት ነክቶ ይቀመጡ፤ ከዋጡም በኋላ ግማሽ ሰዓት እንደተቀመጡ ይቆዩ። ሁላችንም ክኒን ስንውጥ ጭንቅላታችንን ወደ ኋላ እንጥላለን፤ ይህ ልማድ የአየር ቧንቧውን መንገድ ይከፍታል። አገጭ በትንሹ ወደ ደረት ይውረድ።

ጉሮሯቸው ደህና ሆኖ ክኒን ብቻ ለሚፈሩ ሁለት ዘዴ አለ፤ የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. አሳትመዋቸዋል። ካፕሱል ቀላል ነው፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ምላስ ላይ አስቀምጠው ውሃ ይያዙ፣ ሳይውጡ ጭንቅላታቸውን ወደ ደረት ይድፉ፣ ካፕሱሉ ወደ ጉሮሮ ሲንሳፈፍ ጎንበስ እንዳሉ ይዋጡ። ክብደት ላለው ክኒን ለስላሳ የሃይላንድ ጠርሙስ በውሃ ሙሉ። ክኒኑ ምላስ ላይ ሆኖ የጠርሙሱን አፍ በከንፈር ግጥም አድርገው አየር ሳያስገቡ ስበው ወዲያው ይዋጡ። ይህ የጠርሙስ ዘዴ ውሃ ትን ለሚላቸው አይሆንም።

ማሟሟት፣ ካልሆነ መፍጨት

1. ፋርማሲስቱ "ይቻላል" ያለውን ብቻ፣ አንድ በአንድ። ሁለት መድኃኒት በአንድ ኩባያ አይቀላቀል።

2. ክኒኑን በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምሩና ጠብቁ። በውሃ የሚሟሟ ተብሎ የተሠራው በ3 ደቂቃ ውስጥ ይፈርሳል፣ ተራው እስከ 15 ደቂቃ፣ በስሱ የተለበጠው እስከ 30 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሰው አንድ ደቂቃ ጠብቆ ወደ ሙቀጫ የሚሮጠው ይህን ስለማያውቅ ነው።

3. ካልፈረሰ በሁለት የብረት ማንኪያ መሃል ተጭናችሁ አድቅቁት። የበርበሬ ወይም የቡና ሙቀጫ አይሁን፤ ቅመሙ ይገባበታል፣ መድኃኒቱም ግማሹ ሙቀጫው ላይ ይቀራል።

4. ከሰጣችሁ በኋላ ኩባያውንና ማንኪያውን በሌላ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ አለቅልቃችሁ ያንንም ስጡ። አተላው ውስጥ የሚቀረው መድኃኒት ትንሽ አይደለም።

5. አዘጋጅታችሁ አታቆዩ፤ ወዲያው ይወሰድ።

ክኒን መክፈል የሚቻለው መሃሉ ላይ መስመር ሲኖረው ነው፤ መስመር ያለው ሁሉ ግን ይፈጫል ማለት አይደለም።

በምን ይሰጥ

በአንድ የሻይ ማንኪያ ምግብ ይቀላቀል እንጂ በሙሉ ሳሕን አይሁን፤ ግማሹን ትተው ከተነሱ ስንት ሚሊግራም እንደወሰዱ ማንም አያውቅም። ጉርሻ አይመረጥም። እንጀራ ተጣጥፎ አፍ ውስጥ ይጣበቃል፤ ማኘክ ላልቻለ ሰው ራሱ የሚያንቅ ነገር ነው። የላመ ሙዝ፣ ፓፓያ ወይም አጥሚት ይሻላል። እርጎ ከሲፕሮፍሎክሳሲንና ከዶክሲሳይክሊን ጋር አይሄድም፤ ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል። የፓርኪንሰን መድኃኒቱ ሌቮዶፓም ከእርጎና ከሥጋ ይራቅ፤ ከምግብ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይሰጥ። የታይሮይድ ክኒን በባዶ ሆድ በውሃ እንጂ በቡና አይወሰድ።

ቀጭን ውሃ ትን ለሚላቸው ሐኪም "ወፈር ያለ ይጠጡ" ካለ፣ አጃ አጥሚት በደንብ ተጣርቶ ይሆናል። ውፍረቱን በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መለካት ይቻላል። ጫፉን በጣት ደፍናችሁ እስከ 10 ሙሉ፣ ጣታችሁን ለ10 ሰከንድ አንሱና መልሳችሁ ድፈኑ። ውሃ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል። ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ከቀረ በጥቂቱ ወፍሯል፣ ከ4 እስከ 8 ከቀረ በመጠኑ ወፍሯል፣ ከ8 በላይ ከቀረ መካከለኛ ውፍረት ነው። የትኛው እንደሚያስፈልጋቸው ሐኪሙ ይንገራችሁ። አጥሚት ሲቀዘቅዝ ይወፍራልና የምትለኩት ሊሰጥ ሲል ነው። ተልባና አብሽ ለማወፈር ይመቻሉ፤ ነገር ግን ልጋጋቸው መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ሊያዘገይ፣ አብሽም የደም ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል ለመድኃኒት አንመርጣቸውም።

ጾም ሲገባ ሌላ ጣጣ ይመጣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ አዛውንት የጠዋቱን መድኃኒት ይዘሉና ሁሉንም ከሰዓት በኋላ አንድ ላይ ይወስዳሉ፤ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለውን የስኳር ክኒን በባዶ ሆድ ውጠው ይውላሉ። ሁለተኛው የደም ስኳራቸውን ጥሎ ራሳቸውን ያስታቸዋል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ከንስሐ አባታቸውም ጋር ይነጋገሩ። ከልጅ ምክር ይልቅ የንስሐ አባት ቃል ይሰማል። በጾም እርጎው በሙዝ ወይም በውሃ አጥሚት ይተካል።

ትን ካላቸው

እያሳሉ ከሆነ እንዲያስሉ ተዉአቸው፤ ጀርባቸውን አትምቱ፣ ውሃም አትጨምሩ። ድምፅ ማውጣትና መተንፈስ ካቃታቸው ግን ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻቸው አጥንቶች መሃል በመዳፍ 5 ጊዜ በኃይል ምቱ፤ ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርት በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ፤ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ፣ ሌላ ሰው መኪና ይጥራ። ትን ካላቸው በኋላ በቀጣዮቹ ቀናት ትኩሳት፣ ፈጣን ትንፋሽ ወይም ያልተለመደ መፍዘዝ ከታየ ሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። በአረጋውያን ትኩሳት ላይኖርም ይችላል።

ክኒን ማድቀቅ ከጀመራችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ ንገሩት። ግፊቱ ወይም ስኳሩ አልስተካከል ሲል፣ ይህን ያልሰማ ሐኪም መጠኑን ከፍ ያደርጋል፤ መድኃኒቱ ግን ማንኪያው ላይ የቀረ ሊሆን ይችላል።