እርከኑ ለምን ይፈርሳል? በሴፍቲኔትና በመሬት እንክብካቤ ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ ስለ ሴፍቲኔት ሲነሳ ብዙ ሰው «እሱ የሐረርጌና የወሎ ጉዳይ ነው፤ እኛ ቡናና ዝናብ አለን» ይላል። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው የምግብ እጥረት ለሚደጋገምባቸው ወረዳዎች ነበር። ጉልበት ያለው ሰው እርከንና ክትር ይሠራል፤ ክፍያውን በገንዘብ ወይም በእህል ይቀበላል። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ግን ለእኛም ይጠቅማል። የከርሳና የኦሞ ናዳ ተዳፋት አፈርም በየክረምቱ እየታጠበ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ይወርዳል።

ክፍያውን እንደ ምጽዋት መቁጠርም ስህተት ነው። «እርዳታ ተቀባይ» የተባለ ሰው የቆፈረውን እርከን የኔ አይለውም። ክፍያው የላቡ ዋጋ ነው። መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን ቀጥተኛ ድጋፍ የሚባል ሌላ መስመር አለ።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን የደረቅ አገር እርከንን እንዳለ መገልበጥ ነው። እዚያ እርከን የሚሠራው ውሃውን እዚያው ለማስቀረት ስለሆነ ምንም ዝቅታ፣ ማለትም ውሃ ወደ ጎን የሚያስኬድ ማዘንበል፣ አይሰጠውም። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ያንኑ እርከን እዚህ ብትሠሩት ሐምሌ ላይ ውሃው ከበላዩ ይተኛል፤ በቆሎው ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ውሃው ደከም ያለ ቦታ ፈልጎ እርከኑን ይጥሰዋል። የተጠራቀመው ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ስለሚወጣ ታች ያለው ማሳ ላይ ቦረቦር ይከፈታል። ስለዚህ እርከኑ ጥቂት ዝቅታ ይኑረው፤ በ100 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር አይብለጥ። ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ማፋሰሻ ቦይ ይሂድ። ቦዩ ደግሞ ቀድሞ ተሠርቶ ሳር ይልበስ። ሥራውም ከላይ ከኮረብታው ይጀመር፤ ታችኛው ማሳ ለመንገድ ስለሚቀርብ ብቻ ከዚያ መነሳት ድካም ነው።

ባለማሳውን ሳያማክሩ መቆፈርስ? የገበሬው ቅሬታ እውነተኛ ነው። እርከን መሬት ይወስዳል፣ አይጥ ያስጠልላል፣ ጠባብ ከሆነ በሬ ማዞር ይቸግራል። ያልተጠየቀ አባወራ በሚቀጥለው እርሻ ዳሩን እየሸረሸረ ያርሰዋል። የግብርና ልማት ሠራተኛው (ዲኤው) ስፋቱን ከእሱ ጋር ቆሞ ቢለካ ይህ ሁሉ ይቀራል።

እርከኑን ራቁቱን መተውም ያው ነው። ደሾ፣ ቬቲቨር ወይም ዝሆን ሳር ይተከልበት። ደሾና ዝሆን ሳር ታጭደው ለከብት ይሆናሉ፤ ያኔ እርከኑ የወሰደውን መሬት በመኖ ይከፍላል። ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ግን ችግኙም ሳሩም አይተርፍም።

ክፍያ ማዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። ሥራው በበጋ የሚደረገው እርሻ እንዳይነካ ነው። ክፍያው ሲዘገይ ቤተሰቡ ፍየሉን ይሸጣል፤ ለራሱ ማሳ የሚሆን ጉልበቱንም የቀን ሥራ ላይ ያውላል። መሬቱን ይጠብቃል የተባለው ፕሮግራም መሬቱን ሰው ያሳጣዋል።

ሪፖርት ላይ የተቆፈረውን ሜትር ብቻ መጻፍም ይቅር። መስከረም ላይ ሳይፈርስ የቆመው ይቆጠር።

የመጨረሻው፣ ሰው ከፕሮግራሙ ሲመረቅ፣ ማለትም ራሱን ችሎ ሲወጣ፣ ጥገናውም አብሮ መቆሙ ነው። ማኅበረሰቡ ከምረቃው በፊት በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ሁለት ነገር ያስፍር፤ የተጣሰ እርከን ማን፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚጠግን፣ እና የሳሩ ማጨድ መብት የማን እንደሆነ።