በጋራ መኖሪያ ግቢ ውሳኔ አሰጣጥ፦ ከአጀንዳ እስከ ቃለ ጉባኤ

በባሕር ዳር የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የነዋሪዎች ስብሰባ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ድምፅ በሚሰጥበት ሰዓት ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ፣ ጥያቄው በግልጽ ሳይጻፍ ሰው በመጠራቱ ነው። «ስለ ውኃ እንነጋገር» የሚል ጥሪ ለአንዱ ሮቶ መግዛት፣ ለሌላው ደግሞ የፓምፑን የመብራት ሂሳብ ማን ይክፈል ማለት ነው። ስለዚህ «አዲስ ሮቶ እንግዛ ወይስ ያለውን እናስጠግን?» የሚለው እና «ወጪው በየቤቱ እኩል ይከፈል ወይስ በቤቱ ስፋት?» የሚለው ተለያይተው ይጻፉ፤ ዋጋው ተጠይቆ አብሮ ይገለጽ፤ ማስታወቂያውም ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት በግቢው በር ላይ ይለጠፍ።

በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚቋቋመው ማኅበር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ስለሆነ ተከራይ በራሱ አባል አይሆንም። ሆኖም ከዚያው ሮቶ የሚቀዳው እርሱ ነውና ድምፅ ባይኖረውም ይደመጥ። በሌላ ከተማ የሚኖር ባለቤት ውክልናውን በጽሑፍ ይስጥ። ምልዓተ ጉባኤው በስንት ሰው እንደሚሞላ ከመተዳደሪያ ደንቡ አስቀድሞ ይታይ።

ከሁሉ የሚከብደው ውይይቱ ነው። እኔ በኖርኩበት ግቢ ሰብሳቢው «ተቃዋሚ አለ?» ብለው ሲጠይቁ ቤቱ ጸጥ አለ፤ በቃለ ጉባኤውም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ተጻፈ። መዋጮው ሲሰበሰብ ግን ዝም ያሉት አልከፈሉም። በእኛ ዘንድ ዝምታ ብዙ ጊዜ ስምምነት ሳይሆን ታላቅን ማክበር ነው፤ አባወራው ወይም የዕድሩ ዳኛ አስቀድመው ከተናገሩ በኋላ ወጣቱና ብቻዋን ቤት የምታስተዳድረው እናት ሐሳባቸውን ይውጡታል። ስለሆነም ንግግሩ ከታናሽ ይጀምር፣ ተራው ሳይዘለል ሁሉንም ያዳርስ፣ ሽማግሌዎች በመጨረሻ ይናገሩ፤ ይህ ክብራቸውን የሚቀንስ አይደለም፣ ማሳረጊያ ከጥንትም የእነርሱ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1972 በዴንማርክ ነዋሪዎች የገቡበት ሴተዳመን የመጀመሪያው ዘመናዊ የኮሃውዚንግ መንደር ሆኖ ይጠቀሳል፤ ኮሃውዚንግ ማለት እያንዳንዱ የራሱ ቤት ኖሮት የጋራውን ነዋሪዎቹ ራሳቸው አብረው የሚያስተዳድሩበት አኗኗር ነው። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች በተስፋፉት መሰል መንደሮች ብዙዎቹ መጀመሪያ መግባባትን ይሻሉ፤ ድምፅ መስጠት የሚመጣው መግባባት ሲያቅት ነው። በአንዳንዶቹ ነዋሪው ባለ ቀለም ካርድ ያነሣል፦ አረንጓዴው «እስማማለሁ»፣ ቢጫው «ሥጋት አለኝ»፣ ቀዩ «ይህ ግቢያችንን ይጎዳል» ማለት ነው። ቢጫ ያነሣውን ሰው ሥጋቱን ጠይቆ ሐሳቡን ማሻሻል ብቻ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

መግባባት ካልተቻለ ድምፅ ይሰጥ። ደንቡ ዝም ካለ፣ ገንዘብ ለሚያስወጣ ጉዳይ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲጠየቅ እመክራለሁ፤ በጠባብ ብልጫ የተወሰነ መዋጮ አይሰበሰብምና። ድምፀ ተዓቅቦ እንዴት እንደሚቆጠር ከቆጠራው በፊት ይነገር። የኮሚቴ ምርጫና የዘበኛ ስንብት በምስጢር ይሁን፤ ለቀሪው እጅ ማውጣት ይበቃል።

ጸሐፊው የደጋፊን፣ የተቃዋሚንና የተዓቅቦን ቁጥር ከነምክንያቱ ይመዝግብ፤ ቃለ ጉባኤውም ሰው ሳይበተን እዚያው ተነብቦ ይፈረም።