ምርጥ ምድጃ ገዝታችሁ እንጨቱ አልቀንስ ካላችሁ አነዳዱን እዩት

ምርጥ ምድጃ ገዝተው "ኧረ ምንም ለውጥ የለውም፣ እንጨቱ እንደድሮው ነው ሚሄደው" ሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሄዳችሁ ስታዩት ግን ምድጃው ምንም አልሆነም፣ እንደ ሦስት ጉልቻ እያነደዱት ነው እንጂ። ወፍራሙን እንጨት ከነርጥበቱ አፉ ላይ ጥቅጥቅ አርገው ይሞሉና ጭሱ ሲያስለቅሳቸው እፍፍ ሲሉ ይውላሉ። ይሄ "ምርጥ" ሚባለው፣ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ ሚሰራው የእንጀራ ምድጃ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አገራችን ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ በትክክል ከተያዘ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የእንጨቱን ግማሽ ገደማ ያስቀራል። ካልተያዘ ግን ከባድ ሲሚንቶ ብቻ ነው።

ከእንጨቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም አብዛኛው ችግር እዚ ጋ ነው ያለው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሱን ስታነዱት እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን አፍልቶ ማትነን አለበት፣ ምጣዱ ጋ ሚደርሰው የተረፈው ሙቀት ነው። ጭስ ማለት ደሞ ሳይነድ ያመለጠ ነዳጅ ነው በቃ፣ ብር አውጥታችሁ በገዛችሁት እንጨት ጣሪያ እያጠቆራችሁ ነው ማለት ነው። ስለዚ እንጨቱ ገና እርጥብ እያለ አስፈልጡት (ባሕር ዛፍ ከደረቀ በኋላ መጥረቢያ ይመልሳል)፣ ከሁለት ሦስት ጣት ውፍረት አይለፍ፣ ከዛ ድንጋይ ወይ አጣና ላይ ከመሬት ከፍ አርጋችሁ ንፋስ እንዲገባው እያመሳቀላችሁ ደርድሩት። ከላይ ቆርቆሮ ወይ ላስቲክ ጣል አርጉበት፣ ጎኑን ግን ክፍት ተዉት፣ ዙሪያውን ከሸፈናችሁት ይሻግታል እንጂ አይደርቅም። በበጋ ቀጭን ፍልጥ በሁለት ሦስት ወር ጥሩ ይደርቃል፣ ክረምት ከገባ በኋላ ግን ጸሐይ የለም፣ ስለዚ የሐምሌና የነሐሴው እንጨት መጋቢት ላይ ተፈልጦ ቢደረደር ነው ሚሻለው።

መድረቁን ለማወቅ ጫፉን እዩት፣ ስንጥቅጥቅ ብሎ ቅርፊቱ በእጅ ሚላቀቅ ከሆነ ደርቋል። ሁለቱን ስታጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ድፍን ነው። እሳት ውስጥ ከገባ በኋላ ደሞ ከምድጃው ውጪ የቀረው ጫፉ ላይ ውሃው እያፏጨ አረፋ ሲያወጣ ካያችሁ ያ እንጨት ገና ነው፣ አውጥታችሁ ለሌላ ቀን አቆዩት። ቶሎ ይድረቅልኝ ብላችሁ ግን ምድጃው ላይ ወይ አጠገቡ አትከምሩት፣ ማታ ሁሉም ሲተኛ እሳት ሚነሳው እንደዛ ነው።

አተካከሉ ላይ ብዙ አልልም። ኖርማሉ ምርጥ ምድጃ ስድስት ክፍል አለው፣ አራቱ ተገጣጥመው ክቡን ይሰራሉ፣ ሁለቱ ከኋላ የድስት ማስቀመጫ ናቸው። መሬቱ ልክ ይሁን፣ መጋጠሚያዎቹን በጭቃ ምረጓቸው፣ ምጣዱን ስታስቀምጡ ዙሪያውን ሙሉ ጠርዙ ላይ ይረፍ። ነበልባል በጎን ምላሱን ሚያወጣበት ቀዳዳ ካለ እዛ ጋ እንጨታችሁ እየወጣ ነው፣ ሲበርድ በጭቃ ድፈኑት። የኋላው የጭስ መውጫ ወደ መስኮት በኩል ይሁን፣ ከሳር ወይ ከጭራሮ ግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ራቅ በሉ። ጭስ ማውጫ ቱቦ ያለው ዓይነት ከሆነ ደሞ ቱቦው ጣሪያውን ሚያልፍበት ቦታ ሳርም ላስቲክም እንዳይነካ። አዲስ ምድጃ ስትገዙ መቼ እንደተሰራ ጠይቁ፣ ሲሚንቶ ሳምንት ያህል ውሃ እየጠጣ ካልጠነከረና ከዛ በደንብ ካልደረቀ የመጀመሪያው እሳት ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያ ቀንም ወደ ሠላሳ እንጀራ አትሩጡ፣ በጭራሮ ቀለል ያለ እሳት አሙቁት።

እሺ፣ ወደ መጋገሩ። እሳት ከመጫራችሁ በፊት ሊጡ ደርሶ፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱና አክንባሎው አጠገባችሁ ይሁን፣ ምጣድ ሞቆ ሰው ሰፌድ ፍለጋ ጎረቤት ሲሄድ ሚባክነው እንጨት ያሳዝናል። የድሮውን አመድ አውጡ፣ ካልወጣ አየር መግቢያ የለውም። ማቀጣጠያ ደረቅ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃል። ፌስታል በፍጹም! ጭሱ መርዝ ነው፣ ደሞ ከላይ ምግብ ነው ምትጋግሩት። ላምባ ወይ ቤንዚን እሳት ላይ ማርከፍከፍማ ፊትን አቃጥሎ ሆስፒታል ያስተኛል።

ከዛ ትልቁ ነገር፣ የምድጃው አፍ ከግማሽ በላይ በእንጨት አይሞላ። እሳቱ ኦክስጅን ሚያገኘው በዛው አፍ ነው፣ ከደፈናችሁት ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ እናንተ ደሞ እንጨት ያነሰው መስሏችሁ ትጨምራላችሁ፣ ይብሳል። ሦስት አራት ቀጭን ፍልጥ አስገቡ፣ ከስር አየር እንዲያልፍ አፉ ጋ ትንሽ ድንጋይ አርጋችሁ ጫፋቸውን ከፍ አርጉት፣ ሚነደው ጫፉ ብቻ ነው። እንጀራው አክንባሎ ውስጥ ሲገባ እጃችሁ ነጻ ነው አይደል፣ በዛች ደቂቃ እንጨቱን ትንሽ ገፋ፣ በቃ፣ እንደዛ እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። መሀሉ እያረረ ዳሩ ሊጥ ከሆነ እሳቱ አንድ ቦታ ተከማችቷል፣ ፍሙን በጭራሮ ዘርጋ ዘርጋ አርጉት። ዓይን አላወጣም? ምጣዱ ገና ነው፣ ሊጡን ከመውቀሳችሁ በፊት ጠብታ ውሃ ጣሉበት፣ ዘላ ወዲያው ካልጠፋች ጠብቁ።

ምጣድ ለማሞቅ ሚሄደው እንጨት ቀላል ስላልሆነ በየቀኑ አምስት አምስት ከመጋገር የሳምንቱን አንዴ መጋገር ያዋጣል። የኋላው ድስት ማስቀመጫም ባዶውን አይቀመጥ፣ ገና ከመጀመሪያው ውሃ ወይ ሽሮ ጣዱበት፣ ሙቀቱ በነጻ ነው።

አደጋውን በተመለከተ፣ ነጠላና ረጅም እጅጌ አውልቁ ወይ ሰብስባችሁ እሰሩ፣ ናይለን ልብስ በተለይ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከአፉ ወጥቶ የተጋደመ ረጅም እንጨት ህፃን ሚደናቀፍበት ነው፣ እሳቱም በእንጨቱ ተስቦ ወደ ውጪ ይመጣል፣ አሳጥሩት። ልጅ አዝሎ መጋገር ይቅር፣ እናንተ ምትስቡት ጭስ እሱም ይስበዋል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ በ2020 ብቻ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። በርና መስኮት ክፍት ይሁን፣ ብርድም ቢሆን። ከተጋገረ በኋላ "ይሙቀን" ብሎ ፍሙን መኝታ ቤት ማስገባት ግን ከሁሉም ይብሳል። ጭስ ስለሌለው ደህና ይመስላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም አይሸትም፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ወዲያው ውጡ። ቃጠሎ ካጋጠመ ሃያ ደቂቃ ያህል ሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር፣ የጥርስ ሳሙና የለም፣ ቅቤ የለም፣ ሊጥም የለም።

ሊያልቅ ሁለት ሦስት እንጀራ ሲቀር እንጨት መጨመር አቁሙ፣ ምድጃው ሙቀት ይይዛል፣ በዛው ይጨርሳል። ያልነደደውን አውጥታችሁ አፈር ውስጥ ቅበሩ፣ ፍሙን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ብታፍኑት ለቡና ከሰል ይሆናችኋል። የጋለ ምድጃና ምጣድ ላይ ውሃ አትድፉ፣ ይሰነጠቃል። አመዱን በማግስቱ፣ እሱም በብረት ዕቃ፣ ምክንያቱም ውስጡ የተደበቀ ረመጥ አድሮም ይገኛል። በወር አንዴ ደሞ የኋላውን መውጫ ጥላሸት ጥረጉ። ቀጭን ስንጥቅ አያስጨንቃችሁ፣ በጭቃ ይያዛል፣ አንዱ ክፍል ለሁለት ከተሰበረ ግን ሙሉውን ከመጣላችሁ በፊት የተሰበረውን ብቻ ሰሪዎቹ ጋ ጠይቁ።