ፖኬሞን ሬድና ጎልድን ስናወዳድር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«ሬድ ይሻላል ወይስ ጎልድ?» ፖኬሞን እየተጫወቱ ያደጉ ሰዎች ከተሰበሰቡ ይህ ክርክር አይቀርም። ሁለቱም ፖኬሞን የሚባሉ ፍጡራንን እየያዛችሁና እያሳደጋችሁ የምታፋልሙባቸው ጌሞች ናቸው፤ የሠራቸውም ጌም ፍሪክ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ሬድ በ1996 ጌም ቦይ ለተባለው በእጅ ለሚያዝ መጫወቻ ወጣ፤ ጎልድ በ1999 ተከተለ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እኔ ሁለቱንም ደጋግሜ ጨርሻቸዋለሁ። አቋሜን ልናገር፦ በፍልሚያ ጎልድ ይበልጣል፣ በጉዞ ግን ሬድ። ብዙዎቻችን ፍርዱን የምናጣምመው ገና ማወዳደር ስንጀምር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት አሮጌውን ከታደሰው ጋር ማጋጠም ነው። ሬድ በ2004 ፋየርሬድ ተብሎ፣ ጎልድም በ2009 ሃርትጎልድ ተብሎ እንደገና ተሠርተዋል። «ሬድን አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ጠጋ ብላችሁ ስትጠይቁት ብዙ ጊዜ የተጫወተው ፋየርሬድን ነው። ፋየርሬድ ላይ ባለታሪኩ ይሮጣል፣ የፍልሚያው ሕግም አዲሱ ነው። ኦሪጅናሉን ከኦሪጅናሉ፣ የታደሰውን ከታደሰው ጋር አስቀምጡ።

ሌላው ቁጥር ቆጥሮ መፍረድ ነው። ሬድ 151 ፖኬሞኖች አሉት፣ ጎልድ 251። ሬድ ላይ 8 ባጅ፣ ማለትም የጂም መሪ የሚባሉትን ብርቱ ተፋላሚዎች ስታሸንፉ የሚሰጣችሁን ምልክት፣ ትሰበስባላችሁ፣ ጎልድ ላይ 16። «እንግዲያው ጎልድ እጥፍ ነው» ይባላል። ግን ጎልድ ላይ አዲሱን ክልል ጆቶን ጨርሳችሁ የሬድ ክልል ወደ ነበረው ካንቶ ስትሻገሩ የድሮውን ካንቶ አታገኙትም። ሳፋሪ ዞን ተዘግቷል። የሲናባር ከተማ በእሳተ ገሞራ ወድሟል። ጀማሪ ሁሉ መውጫው የሚጠፋበት የቪሪዲያን ጫካ ተራ መንገድ ሆኗል።

ሌቨሉን፣ የፖኬሞኖቹን የብርታት ደረጃ፣ ደግሞ እዩት። ሬድ ላይ ከመጀመሪያው የጂም መሪ ከብሮክ ኦኒክስ፣ ከሌቨል 14፣ ተነስታችሁ ሻምፒዮኑ ጋ ሌቨል 65 እስክትደርሱ ዳገቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ጎልድ ላይ የሻምፒዮኑ የላንስ ትልቁ ድራጎናይት ሌቨል 50 ነው። ከዚያ በኋላ 8 የካንቶ ባጆች ሰብስባችሁ እንኳን፣ የጂም መሪዎቹ ቁንጮ ብሉ ከሌቨል 58 አያልፍም። በመጨረሻ ሲልቨር ተራራ ላይ የመጀመሪያው ጌም ባለታሪክ፣ ሬድ ራሱ፣ ይጠብቃችኋል፤ የእሱ ፒካቹ ሌቨል 81 ነው። ከ58 እስከ 81 ያለውን ገደል በምን ትሞሉታላችሁ? የዱር ፖኬሞኖቹ ደካሞች ናቸው። ከሻምፒዮኑ በፊት የሚገጠሙትን አራቱን ብርቱዎች፣ ያንኑ ኤሊት ፎርን፣ ደጋግሞ መግጠም ብቻ ነው የሚቀረው። ጉዞው የሬድ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን «ፍልሚያውማ ያው ነው» የሚለው ነው። በፍጹም ያው አይደለም። ሬድ ላይ «ስፔሻል» የሚባል አንድ ቁጥር ነበር፤ ለማጥቃትም ለመከላከልም የሚሠራው እሱ ነው። ሳይኪክ ከሚባለው፣ በአእምሮ ኃይል ከሚዋጋው ዓይነት፣ የሆነው የአላካዛም ስፔሻል 135 ነው። በ135 ይመታል፣ በዚያው በ135 ይመክታል። ጎልድ ይህን ቁጥር ለሁለት ከፈለው። የአላካዛም ማጥቂያ 135 ላይ ቀረ፣ መከላከያው ወደ 85 ወረደ። ሬድ ላይ 105 የነበራት ቻንሲ ደግሞ መከላከያዋን እንደያዘች ማጥቂያዋ 35 ላይ ወደቀ።

በዚያ ላይ ሬድ ውስጥ ሳይኪክ ዓይነቱን የሚያቆመው አልነበረም። ሳይኪክ ጎስትን፣ ማለትም የመናፍስቱን ዓይነት፣ እንደሚፈራ እዚያው ጌሙ ውስጥ ይነገራችኋል። አምናችሁ ብትሞክሩት ሊክ የተባለው የጎስት ምት ሳይኪክን ጭራሽ አይነካውም። የፕሮግራም ስህተት ነው። ያሉት 3 ጎስቶች፣ ጋስትሊ፣ ሃንተርና ጄንጋር፣ መርዝም ስለሆኑ ራሳቸው በሳይኪክ ይረግፋሉ። ፎከስ ኢነርጂም የከባድ ምት ዕድልን ይጨምራል ተብሎ ዕድሉን ይቀንሰዋል። ጎልድ እነዚህን አረመ፤ ዳርክና ስቲል የሚባሉ 2 አዳዲስ ዓይነቶችም አመጣ። ዳርክ በሳይኪክ ምት ምንም አይሆንም።

በስልክ ኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮ ጌሞችን በሚያጫውት አፕ፣ ፍጥነት ጨምሮ መጫወትም ሚዛኑን ያዛባል። ሬድ በሁለት ቀን ቢያልቅ ብዙ አይጎዳም። ጎልድ ግን ውስጡ እውነተኛ ሰዓት አለው። ሁትሁት የሚባለው ፖኬሞን የሚገኘው ማታ ነው። የነፍሳት ውድድሩ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው። ዩኒየን ዋሻ ውስጥ ላፕራስ የምትመጣው ዓርብ ብቻ ነው። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሩጦ የጨረሰ ሰው ጎልድን አላየውም።

ያገለገለ ካሴት ገዝታችሁ ጎልድ ሴቭ ቢያጠፋባችሁ ደግሞ በጌሙ አትፍረዱ። እኔ አንዴ ገዝቼ ማታ ሴቭ አድርጌ ተኛሁ፤ ጠዋት ስከፍተው ባዶ። ሻጩ «አዲስ በለው» ብሎኝ ነበር። የሬድ ባትሪ ሴቩን ብቻ ነው የሚይዘው። የጎልድ ባትሪ ሰዓቱንም ቀን ከሌት ስለሚያሠራ ቶሎ ያልቃል። ባትሪው ይቀየራል፤ የድሮው ሴቭ ግን አይመለስም።

የመጨረሻው ስህተት ሁለቱን ለየብቻ መያዝ ነው። ጎልድ ላይ ታይም ካፕሱል የሚባል ነገር አለ። 2 ጌም ቦይና 1 ኬብል ካላችሁ፣ ሬድ ላይ ያሳደጋችሁትን ፖኬሞን ወደ ጎልድ ታሻግሩታላችሁ። ለመመለስም ይቻላል፤ አዲስ ፖኬሞን ወይም አዲስ ምት ከሆነ ግን አይቀበልም።

የአጎቴ ልጅ አንድ ክረምት ከአሜሪካ ሲመጣ ሁለቱንም ካሴት ይዞ መጣ። ሬድ ላይ ሁላችንንም በአላካዛሙ ጠርጎ ጨርሶን ነበር። ያንን አላካዛም ወደ ጎልድ አሻገረውና ኤሊት ፎር ገባ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኛ ትከሻው ላይ ተደራርበን ትንሿን ስክሪን እናያለን። ከአራቱ አንዷ ካረን ጋ ደረሰ። የመጀመሪያ ፖኬሞኗን አወጣች፤ ሌቨል 42 አምብሪዮን፣ ዳርክ። እሱ እንደለመደው ሳይኪክ የሚባለውን ምት ነካ። ምንም። ድጋሚ ነካው። አሁንም ምንም። ዞር ብሎ አየንና «ተበላሽቷል እንዴ?» አለ።