ለወርክሾፕ በጀት ስትጠይቁ ማሽኑን ብቻ አትጠይቁ

የጅማን ባርጩማ የማያውቅ የለም። የእንጨት ሥራ ስሟ በሆነች ከተማ ሰልጣኝ መላጊያ ማሽን ሳይነካ ሲመረቅ ያሳዝናል። ለዚህ ነው ይሄን የምጽፈው፣ በተለይ ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሰልጣኞችና ለቦርድ አባላት።

አንድ ኮሌጅ ውስጥ ያየሁት አሁንም ያንገበግበኛል። ማሽኑ ተገዛ፣ መጣ፣ ከዛ ከነሳጥኑ ተቀመጠ። ክፍሉ ትልልቅ ማሽን የሚያስነሳው ባለ ሶስት ፌዝ መብራት አልነበረውማ! ለመስመር ዝርጋታው ደግሞ በጀት የያዘ ሰው የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወርክሾፑ ውስጥ ቆማችሁ ቁጠሩ። የሚሠራው ስንት ነው፣ የቆመው ስንት ነው፣ በጥገና የሚነሳው የቱ ነው፣ በአንድ ማሽን ስንት ሰልጣኝ ይሰለፋል? ፎቶ አንሱ። ይሄን ዲኑ ቢሮ ተቀምጦ አይሙላው፣ እዛው የሚውለው አሰልጣኝ ይሥራው።

ቀጥሎ ወጪውን ለዩ። ግንባታና ትልልቅ ማሽን ብዙ ጊዜ በካፒታል በጀት ይያዛል። ጥሬ ዕቃና ጥገና ግን መደበኛ በጀት ውስጥ ካልገባ፣ አዲሱ መጋዝ ምላጩ የደነዘዘ ቀን ይቆማል። ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ 15 በመቶው ቫት መካተቱን ጠይቁ፤ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝበትን፣ ተከላውን፣ የብናኝ መሳቢያውን፣ የአሰልጣኞች ሥልጠናውን ሁሉ አንድ ላይ ደምሩ።

ጊዜው ላይ አትዘናጉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ያልተሠራበት ገንዘብም ተመላሽ ይሆናል። ገንዘቡ ሲለቀቅ ደግሞ ጅማ ዝናብ ላይ ናት፣ መሠረት ለመቆፈር አይመችም። እና ዲዛይኑም ስፔሲፊኬሽኑም (የሚገዛው ማሽን ዝርዝር መግለጫ) ከወዲሁ ይለቅ፣ በጀት ከጸደቀ በኋላ ስፔሲፊኬሽን መጻፍ ስትጀምሩ ጨረታው ብቻ ወራት ይበላል።

ጥያቄውን በቦርድ አሳልፉና በአፋን ኦሮሞ ጻፉት፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፣ ትርጉም ፍለጋ አይንከራተትም። በትብብር ስልጠና ልጆች ከሚቀበሉ የከተማዋ ፈርኒቸር ቤቶችም ደብዳቤ አያይዙ። ምን ዓይነት ሠራተኛ እንዳጡ እነሱ ይናገሩ።

የጠየቃችሁት ሁሉ ላይፈቀድ ይችላል። ለዛም ዝርዝሩን በቅደም ተከተል አስቀምጡ፦ መብራቱ አንደኛ፣ የቆሙትን መጠገን ሁለተኛ፣ አዲስ ማሽን ከዛ በኋላ።